አርባ ፈረስ

መካኒኩ የተገኘው ቀይ ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪናው ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ የመኪናዋ ሆድ ደረቱን ተጭኖት ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። ሚስቱ ምሳ አቅርባ ብትጠብቀው ብትጠብቀው ስለቀረ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ረግጣው የማታውቀውን ጋራዥ በር ገፍታ ገባች። ከመኪናዋ ሥር የወጡ ሁለት ጫማዎች አየች።

መርማሪዋ ስትደርስ ሁሉም ሰው ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ፣ «አደጋ ነው» አላት። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «ክሪኩ ከድቶት ነው፤ ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ባለው ጊዜ ሳይሞት አልቀረም» አላት። አለቃዋ ደግሞ በስልክ፣ «ክሪክ ስንቱን በልቷል! እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝጊውና ሪፖርቱን ላኪልኝ» አላት።

«እሺ ጌታዬ» አለች። እሺ ያለችው ስልኩን ለመዝጋት ያህል ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት በከንቱ አልነበረም፤ ዱቄቱን ሁሉ አሳልፋ አንዲት ገለባ ይዛ ትቀራለች። ገለባዋን ይዛ ስትብሰለሰል ደግሞ ለባልደረባም፣ ለቤተሰብም፣ ለራሷም አትመችም።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ጋራዡን ዞራ አየችው። ጥቁር ቅባት ያልነካው ነገር የለም፤ ማብሪያው፣ የበሩ እጀታ፣ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ሳይቀር ጣት ታትሞበታል። ከባለ መስመር አሮጌ አንሶላ የተቀደዱ የእጅ መጥረጊያ ጨርቆች በየቦታው ተጥለዋል። መኪናዋ ኋላዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ክሪኩ ከፊት በኩል ወርዶ ተቀምጧል። የተነሣ መኪና ደግፈው የሚይዙት ሁለት የብረት መቆሚያዎች ግን ጥግ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ክሪኩን የሚያወጣውና የሚያወርደው ረጅም ዘንግም ሟቹ ከተኛበት አምስት እርምጃ ርቆ ግድግዳ ተደግፏል።

ዘንጉን በመሀረብ ይዛ ወደ ብርሃን አወጣችው።

«ሳጅን፣ እዚህ ቤት ውስጥ ንጹሕ ነገር አይተዋል?»

«ኧረ የለም። እኔ ራሴ ገና ከመግባቴ ቆሽሻለሁ።»

«ይሄ ዘንግ ንጹሕ ነው። ተወልውሏል።»

አብሯት የመጣው፣ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሳጅን በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ዛሬም በጊዜ አንገባም ማለት ነው።»

ሚስቲቱ ያልተነካውን ምሳ ፊት ለፊቷ አድርጋ ማድ ቤት ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ላይ የሚነበበው ንዴት ነው።

«ስድስት ዓመት ከዚያች መኪና ጋር ጣውንት ሆኜ ኖርኩ» አለች። «ዛሬ አየር ማጣሪያ፣ ነገ ማርሚታ፣ ከነገ ወዲያ የሞተሩ ኮምፒውተር። ‹ትንሽ ጉልበት ልጨምርላት ነው› ይለኛል። የጭስ መውጫውን ማርሚታ በሰፊው ከቀየረው ወዲህማ፣ ሲያስነሳት ሳህኑ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ሐሙስ ዕለት ‹ወይ እኔ፣ ወይ እሷ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ልብስ አጠብኩ፣ ምሳ ሠራሁ። አንዴም አላስጮኻትም። እንደተኳረፍን ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የሚሠራ መሰለኝ።»

«ማን መጣ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ታናሽ ወንድሙ ዘይት አምጥቶለት ወዲያው ሄደ። አራት ሰዓት ግድም ደግሞ ያ ባለፈረሱ መጣ። መቼ እንደወጣ አላየሁም።»

ባለፈረሱ የሟቹ የቅርብ ወዳጅ ነው። ሥራው የሞተር ኮምፒውተር ከፍቶ አዲስ ፕሮግራም መጫን ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት ላገኘው የስፖርት መኪና ባለቤት ሁሉ «የአርባ ፈረስ ጉልበት እጨምርልሃለሁ» ስለሚል ነው። በከተማው የእሽቅድምድም ክበብ ውስጥ እሱ ያልነካው ሞተር የለም ይባላል።

መርማሪዋ አስቀድማ ግድግዳ የሚጋሩትን ሽማግሌ የፒያኖ አስተማሪ አነጋገረች።

«ልጄ፣ ገዳይ የምትፈልጊ ከሆነ አትድከሚ፤ እኔ አምስት ጊዜ በጽሑፍ ከስሼዋለሁ፣ ሁለቱ ላይ ዝቻም አለበት» አሉ። «ዛሬ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ተማሪዎች ተፈራርቀውብኛል። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳውን ቦታ በለስላሳው ሲጫወቱት ሰማሁ። ሞተር የሚባል ነገር አልነበረም።»

ታናሽ ወንድምየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ የመኪና ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ ነው፤ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከተማሪዎቹ ጋር መንገድ ላይ ነበር።

«ስትመጣ መኪናዋ ሥር ነበር?»

«አዎ። እግሩን ነው ያናገርኩት።»

«መቆሚያዎቹስ?»

«ሁለቱም ከሥሯ ነበሩ። እሱ እኮ ያለ መቆሚያ ጣቱን እንኳ አያስገባም! ‹ትንሽ ከፍ ላድርግልህ?› ብለው፣ ‹እጅህን ከክሪኩ ላይ አንሣ› አለኝ።» አንገቱን ደፋ። «ከዓመታት በፊት ዘንጉን ያለ ልክ አላልቼ መኪና ለቅቄበት ነበር። ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው በቀር ክሪክ የሚያስነካው የለም።»

ባለፈረሱ በመጨረሻ መጣ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የጸዳ ነው። በወጉ አለቀሰ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ተናገረ።

«አራት ሰዓት ላይ መጣሁ። ነገ ስለሚካሄደው የክበቡ ስብሰባ ስናወራ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ስወጣ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ቆሞ ነበር። መንገዱ ጥግ ስደርስ አስነስቶ ረገጣት። ያ ማርሚታ ሲያጓራ ደረቴ ድረስ ነው የተሰማኝ። የስንብት መሆኑን መች አወቅሁ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ያንን ድምፅ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ። ከዚያ በኋላ መልሶ በክሪክ አንሥቷት፣ ቸኩሎ መቆሚያ ሳያስገባ ገብቶ ይሆናል።»

ቃሉን ጽፎ ፈረመ።

አሥር ሰዓት ላይ አለቃዋ ደወለ። «ዘጋሽው?» መርማሪዋ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ባልዲ በእርግጫ መታች። ውኃው እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«አንድ ሰው ጩኸቱ ደረቴ ገባ ይለኛል። ሁለት ሰዎች፣ ያውም እዚሁ የነበሩ፣ ምንም አልሰማንም ይሉኛል!»

«ሽማግሌው ጆሯቸው ደክሞ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«የፒያኖ አስተማሪ ናቸው እኮ፣ ሳጅን!»

በንዴት እንደጋለች ካፖርቷን አውልቃ ወረወረች፤ ባትሪ ይዛ መኪናዋና የኋላው ግድግዳ መሃል ባለው ጠባብ ቦታ በደረቷ ተሳበች። ሸሚዟ ተበላሸ፣ ክርኗ ተላጠ። ስትወጣ ግን ንዴቷ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። መኪናዋ ላይ ያለው ማርሚታ ያረጀና የዛገ ነው፤ የታሰረባቸው አራት ቡሎኖች ግን አዲስ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ሰፊው የሚጮኸው ማርሚታ ግድግዳው ሥር ከተከመሩ ትርፍ ጎማዎች ኋላ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። «ባለቤትዎ ስለ መኪናዋ የሚጽፉበት ነገር ነበር?»

ሚስቲቱ መሳቢያውን ስባ የቅባት ጣት ያለበት ደብተር አወጣች። «ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ነው ያገኘሁት። ይባስ ብሎ የእሷን ታሪክ ላንብብለት እንዴ ብዬ፣ ሳልከፍተው እዚህ ወረወርኩት።»

መርማሪዋ እንደቆመች አነበበች። ሟቹ ለእያንዳንዱ ለውጥ ያገኘውንና ያጣውን በአጭር በአጭሩ ጽፏል።

«ክፍት አየር ማጣሪያ፦ ድምፅ አገኘሁ። የጋለ አየር ስለሚስብ በሙቀት ጊዜ ጉልበት አጣሁ። ሰፊ ማርሚታ፦ ከላይ ፍጥነት አገኘሁ፤ ከታች መነሻ ጉልበት አጣሁ፤ ጎረቤት አጣሁ። የኮምፒውተር ፕሮግራም፦ ቃል የተገባልኝ አርባ ፈረስ፤ የለካሁት አሥራ አንድ። ሞተሩ ውስጥ የማይሆን መንኳኳት ሰማሁ።»

ቀጥሎ ጽሑፉ ይረዝማል። «የዚያን መኪናው ተጋጭቶ ሆስፒታል የተኛውን ተወዳዳሪ ሞተር ፈታሁት። ፒስተኑ ቀልጦ ተበስቷል። ፕሮግራሙ ሞተሩን ከጉዳት የሚጠብቀውን ገደብ አንሥቶታል። ሁላችንም መኪና ላይ ያለው ይኸው ነው። እሑድ ለክበቡ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን እሱ ራሱ እንዲናገር ዕድል እሰጠዋለሁ፤ ጓደኛዬ ነው።» ከሥሩ፦ «ዓርብ ከሰዓት። የፋብሪካውን ማርሚታ መለስኩ። የቀረውን ነገ እፈታለሁ። ቤቱ ጸጥ ይበል።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱ በሩ ጋ ቆመች፤ የፒያኖ አስተማሪው የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፤ ባለፈረሱ ሰዓቱን አየ።

«ሁላችሁም መቸኮላችሁን አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ፤ «አለቃዬም ቸኩሏል። ከመቆሚያዎቹ ልጀምር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከመኪናዋ ሥር ነበሩ። በኋላ ጥግ ላይ ተገኙ። መኪና የተጫነውን መቆሚያ ጎትቶ ማውጣት አይቻልም፤ መጀመሪያ መኪናዋን በክሪክ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ እሱ ከሥር ተኝቶ ሳለ አንድ ሰው፣ ‹ከፍ ላድርግልህ› ብሎ አነሣት፣ መቆሚያዎቹን አወጣ፣ ከዚያ ዘንጉን አላልቶ ለቀቃት።»

«ራሱ አውጥቷቸው ቢሆንስ?» አለ ባለፈረሱ።

«ታዲያ ከሞተ በኋላ ተነሥቶ ዘንጉን ወለወለው? አምስት እርምጃ ሄዶስ ግድግዳ አስደገፈው?»

መርማሪዋ በጣቷ ክሪኩን አመለከተች።

«ሟቹ ይህን ክሪክ የሚያስነካው ማንን ነው? ባለቤቱ ሁለት ዓመት እዚህ አልገቡም፤ መኪናዋ አጠገብ ቢመጡ እንኳ ደንግጦ ይወጣ ነበር። ጋሼ አምስት ክስ ጽፈውበታል፤ ክሪክ አያስይዛቸውም።»

«እውነት ነው» አሉ የፒያኖ አስተማሪው፤ «ሰላምታም አያስይዘኝም ነበር።»

«ወንድሙን ‹እጅህን አንሣ› ብሎታል። ሥራውን የሚያውቅ፣ የሚያምነው ሰው አንድ ነው የቀረው።»

«እኔ ስወጣ በሕይወት ነበር!» ባለፈረሱ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሞተሩን ሰምቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ!»

«አዎ፣ ፈርመዋል።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «በሩን ወለል አድርገህ ክፈትና አስነሳት።»

ወንድምየው በሩን ከፍቶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ሲያዞር ሁሉም ትከሻውን ሰበሰበ፤ ሽማግሌው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ነበር፤ ሰው ሳይጮህ ያወራል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወንድምየው ከመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ማርሚታው የት ሄደ?»

«ትናንት ከሰዓት ፈታው። መኪናዋ ኋላዋን ለግድግዳው ስለሰጠች፣ ከፊት ለፊት የቆመ ሰው ይህን ማየት አይችልም። ጠዋት እዚህ መጥቶ፣ ከፊት ክሪኩ ጋ ብቻ ቆሞ የሄደ ሰው፣ መኪናዋ አሁንም ታጓራለች ብሎ ነው የሚያስበው። መዋሸት ሲፈልግም ሁሉም የሚያውቀውን ጩኸት ሰማሁ ይላል።» ደብተሩን ከፍታ አሳየችው። «‹ነገ እናገራለሁ፤ ቅደመኝ› ብሎዎታል። ሆስፒታል ስላለው ልጅ፣ ስለ ቀለጠው ፒስተን፣ አሥራ አንድ ስለሆነው አርባ ፈረስዎ።»

ባለፈረሱ ሊስቅ ሞከረ። «ማርሚታና ደብተር አይመሰክርም።»

«እርግጥ ነው» አለ ሳጅኑ፤ ከኋላው አንድ ባለ መስመር ጨርቅ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ገባ። «ዘንጉ የተወለወለበት ጨርቅ ነው፤ ከመኪናዎ ወንበር ሥር ነው ያገኘሁት።»

ሚስቲቱ ጨርቁን አየች። «የእኔ አንሶላ ነው» አለች ቀስ ብላ።

የባለፈረሱ ፊት በአንዴ ጠወለገ። «አንድ ሳምንት ለምኜው ነበር» አለ። «ፕሮግራሙን አስተካክዬ ለሁሉም ልቀይርላቸው፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ አልኩት። ‹ልጁ እግሩን ካጣ በኋላ ሳምንት የለም› አለኝ፤ ከዚያ ተኝቶ መሥራቱን ቀጠለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም! ስሜን፣ አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን…» ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አወጣው።

የመርማሪዋ ስልክ ኪሷ ውስጥ ይነዝራል። አላነሣችውም። ወንድምየው ሞተሩን ለማጥፋት እጁን ሲሰድ ሚስቲቱ፣ «ተወው» አለችው።

ወደ መኪናዋ ቀረበችና ኮፈኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ጥቂት አዳመጠች። ከዚያ በድንገት በጡጫዋ መታችው፤ ደግማ መታችው።

«አንድ ቃል!» አለች። «‹ፈታሁት› ቢለኝ ምን ነበረበት? ዓርብ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ራት በልተናል! ደብተር ያስቀምጥልኛል? እኔን በደብተር ነው የሚታረቀኝ?»

ሽማግሌው ተነሥተው ትከሻዋን ያዙ። ወንድምየው ፊቱን መሪው ላይ ደፋ። መርማሪዋ ደብተሩን ‹ቤቱ ጸጥ ይበል› የሚለው ገጽ ላይ ከፍታ ለሚስቲቱ ዘረጋችላት።