የመጀመሪያው ዝናብ ውኃ

ጦና አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው ውኃ ያለበት ቅል ተቀምጧል። በውኃው ላይ ዘይት ተንሳፍፏል፤ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል።

በማግስቱ ጥዋት ፖሊሱ መቶ አለቃ ሐብተማርያም ከሶዶ ደረሰ። የሟቹን ከንፈር ገልጦ አየ። ከውስጥ በራሱ ጥርስ ተቆርጧል።

የሟቹ ሚስት የቦሼ እጅ በገመድ ታስሯል። ያሳሰራት የሟቹ ወንድም አንጁሎ ነው።

«ጌታዬ፣ ምንጩ ከአዲሱ አስፋልት ሥር ነው። ውኃው መርዝ ነው። እያወቀች አጠጣችው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ሲጀምር እዚሁ ደጅ ተጠለልኩ። ተኝቷል ብዬ አልቀሰቀስኩትም። እሷ ከበዴሳ ገበያ እስክትመለስ ድመት እንኳ አልገባም። አብረን ስንገባ ሞቷል፤ ቅሉም ከራስጌው ነበር።»

መቶ አለቃው ወደ ቦሼ ዞረ።

«ውኃውን መቼ ቀዳሽ?»

«ጎህ ሲቀድ። ከዚያ ገበያ ሄድኩ።»

«ባልሽን ማን ገደለው?»

«እንጃ» አለች፣ የማታውቀው ሰው የሞተ ይመስል።

መቶ አለቃው የቀዳችበትን እንስራ ከፍቶ አየ። ውኃው ጥሩ ነው። ወደ ምንጩ ወረደ። እዚያ ግን ዘይት ለብሷል። የመንገድ ሥራውን ካቦ ብርሃኔን አስጠራ።

«ይህ ዘይት መቼ ወረደ?»

«ትናንት ነዋ! በበጋ ፀሐይ ሬንጁን እያቀለጠች ዘይቱን ታወጣዋለች፤ ዝናብ ካልመታው ግን እዚያው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል። ትናንት ጥዋት ቦሼ ስታልፍ ከእንስራዋ ጠጥቻለሁ። ካላመኑኝ ሆዴን ይጠይቁት።»

መቶ አለቃው ሁሉንም ደጁ ላይ ሰበሰባቸው።

«ጦናን ውኃ አልገደለውም። ታፍኖ ነው የሞተው፤ ከንፈሩን ጥርሱ ቆርጦታል። የእንስራው ውኃ ንጹሕ ነው፤ የቅሉ ግን ዘይት አለው። እንግዲህ የቅሉ ውኃ የተቀዳው ከዝናቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቦሼ በዴሳ ነበረች። ድመት እንኳ አልገባም ያልከው አንተ ነህ፣ አንጁሎ። ታዲያ ቅሉን ማን ሞላው?»

መቶ አለቃው ወደ አንጁሎ ተጠጋ።

«አስፋልቱ በጋውን ሙሉ ሲሸት ስለከረመ፣ ምንጩ ሁልጊዜ የተበከለ መሰለህ።»

«የወንድሜ መሬት መንገድ ዳር ነው» አለ አንጁሎ ቀስ ብሎ። «ሱቅ ይወጣው ነበር። እሱ እንሰት ተክሎበት ተኛ።»

ገመዱ ከቦሼ እጅ ተፈትቶ አንጁሎ ታሰረበት።

«በቃ፣ ነጻ ነሽ» አላት መቶ አለቃው።

«ሬሳው ይታጠባል» አለች። «የእንስራው አይበቃም። ከየት ልቅዳ?»

ብርሃኔ ወደ አስፋልቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ። ደመና የለም።

ቦሼ ሌላ ባዶ እንስራ አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።