የጠፋው ፌብሩዋሪ

«ማርች ሦስት» ሲል መለሰ ኮምፒውተሩ።

ዊላ ዐይኗን አላመነችም። እንደገና ጻፈችው፤ ዛሬ ጃንዋሪ 31 ነው፣ የዛሬ ወር ስንት ነው? መልሱ ያው ነበር። ማሽኑ ፌብሩዋሪን እንዳለ ዘሎታል። ፌብሩዋሪ ሠላሳ አንድ ቀን ስለሌለው፣ የተረፉትን ሦስት ቀናት ቆጥሮ ማርች ላይ ገብቷል።

ሳቋ አመለጣት። ፕሮግራሙ የጓደኛዋ የብሪን ነበር።

ብሪን የሠራችው ፕሮግራም፣ በሚቀጥለው ወር የትኛው ቤተሰብ የሆኪ ሜዳውን በረዶ እንደሚጠርግ በትምህርት ቤቱ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ያወጣል። በኖቬምበርም በዲሴምበርም የሞከረችው በወሩ አጋማሽ ስለነበር ስህተቱ አልታየም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ወላጆች በተሰበሰቡበት አስነሥታ ታሳያለች፤ ከዚያም በኤፕሪል ከተማቸውን ዱሉዝን ወክላ ሴይንት ፖል ለውድድር ትሄዳለች።

ዊላን ያሳረራት ይሄ ነው። ባለፈው ክረምት በነዊላ ምድር ቤት ቁጭ ብላ፣ ኮምፒውተሩን በጽሑፍ በሚያዙበት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ መጻፍን ለብሪን ሀ ብላ ያስተማረቻት ማን ሆነና! የኮምፒውተር ክበቡ መምህር ሚስተር ሃልቨርሰን ግን የመረጠው ብሪንን ነው። ዊላ በሰው ፊት አጨበጨበች፤ ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

የክበቡ ክፍል በር ተከፈተ። ብሪን ዶናት እየገመጠች ገባች።

«ዊል! በጠዋቱ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ፕሮግራምሽ ዛሬ ጉድ ሊያደርግሽ ነው» አለች ዊላ። ልትመክራት ፈልጋ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን የድል ድምፅ ነበር።

ብሪን ማኘኳን አቆመች። «ትናንት ማታ ሞክሬዋለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«ማብራት ማጥፋቱን። ሰሌዳው ይሠራል።» ከዚያ ፊቷ ተቀየረ። «ቆይ፣ አንቺ ቀንተሽ ነው አይደል? ከተመረጥኩ ጀምሮ ፊትሽ ልክ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ልታስደነግጪኝ መጣሽ!»

ውሸት ቢሆን ኖሮ ዊላ ትጮህባት ነበር። ግን እውነት ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። ነግሬያታለሁ፣ እንቢ ያለችው ራሷ ናት፣ ብላ አሰበች። ከአዳራሹ ወንበር የመጎተት ድምፅ ይሰማል። ብሪን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስትቀላ ታያት፤ ደስም አላት። ያን ያህል ደስ ማለቱ ግን አስፈራት።

ተመለሰች።

«እኔን አትመኚ። ራስሽ ጠይቂው።»

ብሪን እያጉረመረመች ጻፈች። ከዚያ ዶናቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወይኔ ጉዴ! ማርች? ፌብሩዋሪ የት ሄደ? ሃያ ደቂቃ ነው የቀረኝ፣ ዊል!»

«ከዛሬ አትነሺ። ከወሩ አሥራ አምስተኛ ቀን ተነሥተሽ ጠይቂው። አሥራ አምስት የሌለው ወር የለም።»

ብሪን መስመሩን አስተካከለች። ፌብሩዋሪ ወጣ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ወደ ዊላ ዞረች።

«ሃልቨርሰን አላየው፣ አባቴ አላየው። አንቺ እንዴት አየሽው?»

ዊላ ጫማዋን ተመለከተች። «ስህተት ስፈልግብሽ ነበራ! ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ እያንዳንዷን መስመር።»

«ታስጠያለሽ» አለች ብሪን። «ምቀኛ አታሳጣኝ ያለው ሰው ግን እውነቱን ነው።» አልሳቀችም። ወንበር ስባ አጠገቧ አደረገችላት። «ሌላስ አገኘሽ?»

አንድ ስህተት ቀርቷል። ዊላ ለማንም ሳትነግር ለኤፕሪል ያቆየችው፤ ብሪን ሴይንት ፖል ደርሳ፣ ዳኞች ስህተቱን አግኝተውባት ስትዋረድ በሩቁ ልታየው የፈለገችው። አሁንም «የለም» ብትል ማንም አያውቅባትም።

ወንበሩን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ቁጭ አለች።

«በማርች ሰዓት የሚቀየርበት ሌሊት አለ፤ ከስምንት በቀጥታ ወደ ዘጠኝ ይዘላል» አለች። «ሰሌዳሽ የሚታደሰው ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሌሊት ስምንት ተኩል የሚባል ሰዓት የለም።»