የእሑድ ኩርፊያ

ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እየወደደ እሑድ እንዴት ይጠላል? ዲንኪቱን ግራ ያጋባት ይህ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ወልደሥላሴ ከጎንደር መጥቶ ነገሌ ቦረና ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። በገበያ መንገድ ሲያገኛት ዓይኑ እሷ ላይ ተተክሎ ይቀራል። እሑድ እሑድ ደግሞ አባቷ ዋሪዮ ቤት ይጋበዛል። ሲገባ ፊቱ ፈክቶ ነው። ዲንኪቱ በጮጮ፣ በዚያ በታጠነው የወተት ዕቃ፣ የምታቀርብለትን ወተት ግጥም አድርጎ ይጠጣል። ጥቂት ቆይቶ ግን ይጠቁራል፣ ሲያናግሩት በአንድ ቃል ይመልሳል፣ ደኅና ዋሉ እንኳ በቅጡ ሳይል ይወጣል። ሰኞ እንደገና ማር ነው።

የከብት ነጋዴው ዋሪዮ ታዛቢ ነው። የወልደሥላሴ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ጥያቄ ሊመጡ ሳምንት ሲቀር ልጁን ጠራት።

«ቤቴ ገብቶ የሚኮሳተር ሰው ቤቴን ንቆታል» አላት። «በቀጠሮውም እሑድ እንዲህ ከሆነ ልጄን አልሰጠውም።»

ዲንኪቱ በማግስቱ መንገድ ላይ ጠብቃ አስቆመችው። ስትናደድ አንቱ ትለዋለች።

«መምህር፣ የጠሉት ቤታችንን ነው ወይስ እኔን?»

ወልደሥላሴ መሬት መሬት አየ። ከዚያ፣ አስተማሪ አይደል፣ ወደ እንግሊዝኛው ሸሸ። እንግሊዞች «ቢሊየስ» የሚሉት ቃል አለ አላት፤ ሆዱ ምግብ አልፈጭ ያለውንም፣ ነጭናጫውንም ሰው በዚያው ይጠሩታል። ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል የመጣ ነው፣ ሥሩም ሐሞት ነው። የጥንት ሐኪሞች ሐሞት ሲበዛ ሆድንም ጠባይንም ያበላሻል ብለው ያምኑ ነበር።

ዲንኪቱ የባሰ ግራ ገባት። ስለ ፍቅር ጠይቃ ስለ ሐሞት ተነገራት።

«ሐሞትዎን የማበዛው እኔ ነኝ?»

«ወተቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከልጅነቴ አይስማማኝም። ሆዴ ሲታመስ ሰው መሆኔንም እረሳለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትጠጣለህ?» አንቱታው ጠፋ።

«በቦረና ቤት ወተት እምቢ ማለት ባለቤቱን እምቢ ማለት ነው ብለውኛል። ደግሞ ከአንቺ እጅ ነው የምቀበለው።»

ዲንኪቱ ሳቀች። ይህንኑ ለአባቷ በራሱ አፍ እንዲነግር አስምላው ሄደች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዲንኪቱ እንደ ልማዱ ጮጮውን አቀረበች። ወልደሥላሴ ተቀበለና ሳይጠጣ ያዘው።

«አባባ ዋሪዮ፣ ወተት ሆዴን ያውከዋል። ያኮሳተረኝ እሱ ነው እንጂ ቤትዎን አልናቅሁም። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ዋሪዮ የታረደ በግ ሆድ ዕቃ አይቶ የዝናቡንም የመንገዱንም ነገር የሚናገር፣ አገር የሚያምነው ሰው ነው። እንግዳውን ትክ ብሎ አየው። ዲንኪቱ የአባቷ እይታ ቁጣ ይሁን ምሕረት መለየት አቃታት።

«ይህን ሁሉ ዘመን የበግ ሆድ አንብቤ» አለ ዋሪዮ ቀስ ብሎ፣ «የእንግዳዬን ሆድ ማንበብ አቃተኝ። ቅመስና ለሷ አቀብላት። ናጋ ይሁን፣ ሰላም ይሁን።»

ወልደሥላሴ ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ አቀበላት። እሷም ግጥም አደረገችው።

ተጋቡ። አንዳንድ ቀን ወልደሥላሴ ሲያኮርፍ ዲንኪቱ አጠገቡ ቁጭ ትልና «ማን ወተት አጠጣህ?» ትለዋለች። ማንም ሳያጠጣው ያኮረፈ ዕለት ግን ዛሬም ግራ ይገባታል።