የአስራ አንድ ሰዓቱ ድምፅ

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ዓርብ ጠዋት በጠረጴዛቸውና በበሩ መካከል በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ከማጅራታቸው በላይ የቆሰሉ ሲሆን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ኮምፒውተራቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ራሳቸውን አዙሯቸው ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉት ትንሽ ነበር የቀራቸው።

መርማሪዋ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። ጎንበስ ብላ የኮምፒውተሩን ገመድ በዓይኗ ተከተለች። ግድግዳው ጥግ ካለው ጠረጴዛ ተነስቶ፣ በበሩ ፊት ወለሉን አቋርጦ፣ መስኮቱ ስር ያለችው የክፍሉ ብቸኛ ሶኬት ላይ ጥብቅ ብሎ ተሰክቷል። እዚያው መስኮቱ ስር አራት የጠረጴዛ እግሮች ለዓመታት የቆሙባቸው ምልክቶች ይታያሉ።

ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ባዶ ነው፤ አንድ ፋይል እንኳ የለበትም። አጠገቡ ያለው ደብተር ላይ ግን በሴት እጅ ጽሕፈት ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አስራ አራት ተቆጥሯል። በየቁጥሩ ፊት ቀን አለ፤ ከቀኑ ቀጥሎ ደግሞ ሁለት ሁለት የራይት ምልክት።

ባዶው ስክሪን የራሷን ነገር አስታወሳት። እሷም ብቻዋን ነው የምትኖረው። የእናቷን ፎቶዎች «ነገ ሌላ ቦታ እገለብጣቸዋለሁ» እያለች ሁለት ዓመት ከርማ፣ አንድ ቀን ስልኳ ተሰረቀና አብረው ሄዱ። እስከ ዛሬ የእናቷን ፈገግታ በትክክል ለማስታወስ ትታገላለች።

ሰዓት ሠሪውን ሞተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር።

«ገዳዩ እኔ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ረቡዕ ከአራት ወር በኋላ መጣሁ። ፀሐዩ ዓይኑን እንዳይወጋው ብዬ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ወሰድኩት። ገመዱ መንገድ ላይ እንደሚዘረጋ ልብ አላልኩም።»

«ሌላስ ምን ተባባላችሁ?»

«ስለ ኮምፒውተሩ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። ታክሲ አቁሜ ስለነበር ‹አባዬ፣ በሌላ ቀን› አልኩት።»

«ስለ ገመዱ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ማን አለኝና?»

ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት አሮጊት ልብስ ሰፊ ናቸው። ሰዓት ሠሪውን «ይረብሹኛል» ብለው ለሕንፃው ኃላፊ ሁለት ጊዜ ከሰዋቸዋል።

«እማማ፣ ምን አድርገዎት ነው የከሰሷቸው?»

«ሚስታቸው ናታ! ሞታም ወሬ አላቆመች። ታማ ሳለች በየቀኑ ድምፅዋን ቀርጻ የተወችላቸው ነው። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይከፍቱታል። ሹራቡ በምን እንደሚታጠብ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ፣ የማታወራው የለም። መጨረሻ ላይ ‹ጋዙን ዘግተሃል?› ትላለች፤ እሳቸውም ‹ዘግቻለሁ› ይላሉ። ልጄ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ ተነስቼ የራሴን አያለሁ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም። «የከሰስኩት መጀመሪያ ሰሞን ነው። ኋላማ እሷ ካላወራች የመሸ አይመስለኝም።»

«መጨረሻ የሰሟት መቼ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ለጥገና ከመሄዱ በፊት። ሰኞ ሲመለስ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ፤ ጭጭ። ሐሙስ የወንዶች ጭቅጭቅ ሰምቻለሁ፤ የልብስ ስፌት መኪናዬ እየተንኳኳ የሁለተኛው ድምፅ የማን እንደሆነ አልለየሁም።»

ኮምፒውተር ጠጋኙን በተፈቱ ዕቃዎች መሐል ተቀምጦ አገኘችው።

«ሰኞ ስመልስላቸው ፋይላቸው ሁሉ በቦታው ነበር» አለ። «ራሳቸው አጥፍተውት ይሆናል።»

«ከሰኞ ወዲህ ቤታቸው ሄደዋል?»

«ኧረ የለም! ሥራው መች ያስቀምጣል? ምስኪን፣ ያ በሩ ፊት የተዘረጋው ገመድ ነው ጠልፎ የጣላቸው።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

በማግሥቱ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስቱንም በሟች ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«አባትሽን ገመድ አልጣላቸውም» ብላ ከልጅቷ ጀመረች። «ገመድ የጠለፈው ሰው በፊቱ ይደፋል፤ ገመዱም ይነቀላል። እሳቸው የወደቁት በጀርባቸው ነው፤ ገመዱም እንደተሰካ ነው። ሰው ገፍትሯቸዋል።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለምን? እማማ እንደነገሩኝ ኮምፒውተሩ ሰኞ ቢመለስም ድምፁ አልተመለሰም። ድምፅዋ ቢኖርማ ሰዓት ሠሪው ሰኞውኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አይከፍቱትም ነበር? ስለዚህ የመጣላቸው ባዶ ኮምፒውተር ነው።» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «ሰኞ ጠረጴዛው መስኮቱ ስር፣ ከሶኬቷ አጠገብ ነበር። ገመዱ በሩ ፊት የተዘረጋው ረቡዕ ነው። ዓርብ ጠዋት ክፍሉ ታሸገ፤ ስለ ገመዱም ለማንም አልተወራም። ካልመጡ የት አዩት?»

ጠጋኙ ወደ በሩ አየ፤ ፖሊሱ እዚያው ቆሟል።

«ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ሳልገለብጥ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግሁት፤ ሁሉም ጠፋ» አለ። «ግማሽ ሰዓት ነበር የሚፈጀው። ቸኩዬ ነበር። ‹ግልባጭ አለኝ፣ አመጣለሁ› እያልኩ ዋሸኋቸው። ሐሙስ ጠርተው ያዙኝ፤ ‹ሚስቴን መልስ› እያሉ አልለቅ አሉኝ። ለማስለቀቅ ብዬ ነው የገፋኋቸው።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠች። «ሁለት ራይት» አለች ቀስ ብላ። «አንደኛው ኮምፒውተሩ ላይ ስታስቀምጥ ነው። ሁለተኛውስ? ያንኑ ለሌላ ሰው ስትልክ ይሆን? እናትሽ ታማ ሳለች የድምፅ መልእክት ትልክልሽ ነበር?»

ልጅቷ ወደ ደብተሩ ጠጋ አለች። «በየቀኑ። ድምፅዋ ሲደክም መስማት አልቻልኩም። ከሞተች ወዲህማ ጨርሶ አልደፈርኩም።»

ስልኳን አወጣች። ሁለት መቶ አስራ አራት መልእክቶች፣ አንዱም አልተከፈተም።

«ስልክሽ ላይ ነበር?» አለ ጠጋኙ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

«ረቡዕ ታክሲውን አሰናብቼው ቢሆን ኖሮ» አለች ልጅቷ፤ ሳትጨርሰው ቀረች። ልጅቷ የመጨረሻዋን መልእክት ነካች።

የደከመ፣ ግን ቀልድ የሚወድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ወሬዋ ቢጫው ፎጣ የት እንደተቀመጠ ነበር፤ ጎረቤቷን ልብስ ሰፊዋን በስፌት መኪናቸው ጩኸት አማቻቸውና ሳቀች። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፦

«ጋዙን ዘግተሃል?»

ልጅቷ ወደ ባዶው ወንበር አየች። ድምፁ አበቃ። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ወጥ ቤት ገብተው አይተው ተመለሱ።

«ዘግተዋል፣ እህቴ» አሏት ወደ ስልኩ ዞረው።