የሚክዳድ ግራ ትከሻ

ሚክዳድ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን አንዲት አጭር ሴት ጫማዋን በፕላስቲክ ሸፍና ከለቀስተኛው ሸራ ሥር ገባች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ሳብሪን ግን ቀና አላለችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓይኗ ከሁለት ዓመት ልጇ ከቢላን ተነቅሎ አያውቅም።

«አላህ ያጽናሽ» አለች ሴትዮዋ፣ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ። «እፀገነት እባላለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

«ባሌ እኮ ሰው ነበር» አለች ሳብሪን።

«አውቃለሁ። የገደለው ግን የከብት በሽታ ነው፤ አባ ሰንጋ። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ደረሰን።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚመጣው ከታመመ ወይ ከሞተ ከብት ነው። ሚክዳድ የነካው ነገር እዚህ ግቢ ካለ ሌላም ሰው ይነካዋል። ሳይመሽ ማግኘት አለብኝ።»

ሳብሪን ቢላንን ወደ ጭኗ ሳበቻት።

በሽታው ሰፈሩ ከገባ ወር ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሁለት የጎረቤት ላሞች በአፍንጫቸው ደም እያፈሰሱ ወደቁ። የቀሩት ተከተቡ፣ ከብት እንዳይገባ እንዳይወጣም ታገደ። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ የአማቷ የዳሃቦ ጥጃ ሞተች፤ ተቃጥላ ተቀበረች ተባለ። ያን ቀን ሚክዳድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ላይ ነበር።

«ቁስሉ የት ነበር?»

ሳብሪን ግራ ትከሻዋ ከአንገቷ የሚጋጠምበትን ነካች። «መጀመሪያ ትንኝ የነደፈው መሰለው። ኋላ መሃሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። አያመኝም ይል ነበር። አንገቱ አብጦ አፈነው።»

«እጁ ላይስ?»

«ምንም።»

እፀገነት የራሷን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ተነሣች።

የሚክዳድ ታናሽ ወንድም ዋሪስና የቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ዳሂር ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዋሪስ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ቆዳ ይገዛል፤ ለቀስተኛው ሲያንሾካሹክ የሚያየው እሱን ነው።

«እኔን ልትጠይቂ እንደምትመጪ አውቅ ነበር» አለ። «ቆዳ ነጋዴ አይደለሁ? ወንድሜን ገፍፌ የሸጥኩ ነው የሚመስላቸው።»

«የጥጃዋን ቆዳ ወስደሃል?»

«አቦ ተይኝ። እኔና ዳሂር በባጃጅ እንጨትና ኖራ ልናመጣ ሄድን። ስንመለስ በጆንያ ታስራ ጠበቀችን። ከነጆንያዋ ጉድጓድ ከተን ለኮስናት።»

«ዳሂር፣ ሪፖርትህ ‹ከነቆዳዋ ተቃጠለች› ይላል። ጆንያውን ፈተህ አይተሃል?»

«መነካካት አደጋ ነው ብዬ…»

«ወሪያ፣ አንተ ያቃጠልከው ጆንያ ነዋ» አለው ዋሪስ።

ዳሃቦ ከጓሮ መጣች። ቀኝ እጇን ሻሿ ውስጥ ሸጉጣ፣ ለእንግዳዋ አንድ ኩባያ ወተት በግራ እጇ አቀበለቻት። ሳብሪን ደነገጠች። አማቷ በግራ እጅ ለሰጠ ሰው ምሕረት አልነበራትም። ሐዘን ያላስረሳው ነገር የለም፣ አለች በልቧ።

«የየት ወተት ነው እናቴ?»

«የላሜ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት የታለበ። ፈልቷል፣ ጠጪ።»

እፀገነት ኩባያውን ሳትቀምስ አስቀመጠችው። ቢላን ወተቱን አይታ ጣቷን ወደ ጓሮ ቀሰረች። «እምቧ» አለች።

«ጥጃዋ ትዝ እያለቻት ነው» አለች ሳብሪን። እሷ የከብት ሽታ ስለሚያስነጥሳት ወደ አማቷ ጓሮ አትገባም። አመሻሽ ላይ ላም ሲያልብ ቢላንን ይዟት የሚሄደው ሚክዳድ ነበር።

እፀገነት ወደ ጓሮ ሄዳ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ለቀስተኛውን ይቅርታ ጠይቃ ቤተሰቡንና ዳሂርን ወደ ውስጥ አስገባች።

«ላሟ ደህና ናት» አለች። «ክትባቱ አድኗታል። ሰዎቹን ግን ማንም አልከተበም።» ኩባያውን ከፍ አደረገች። «የእኛ አገር ላም ጥጃዋን ካላሸተተች ወተቷን ትይዛለች። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ጥጃዋ ከሞተች ሁለት ሳምንት ሆናት። ታዲያ ላሟ ዛሬ ጠዋት ማንን አሽትታ ታለበች?»

«ያ ረቢ» አለ ዋሪስ ቀስ ብሎ።

«ቆዳው ተገፍፎ ጭድ ተሞልቶበታል፤ ጓሮ ከጭድ ክምሩ ሥር አየሁት። ስትታለብ ፊቷ ያቆሙላታል፤ እሷም ስትልሰው ወተቷን ትለቃለች። ሚክዳድ ማለቢያውን በቀኙ ይዞ ቆዳውን በግራ ትከሻው ይሸከም ነበር። ስለዚህ ቁስሉ እዚያ ወጣ። እሱ ተሸካሚ ነው እንጂ ገፋፊ አይደለም። የገፈፈ ሰው የሚቆስለው እጁ ላይ ነው። ጥጃዋ ጆንያ ስትገባ ዋሪስና ዳሂር ባጃጅ ላይ ነበሩ፣ ሚክዳድ ፈረቃ ላይ። ሳብሪን፣ አንቺስ?»

«ቢላንን ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ነበር።»

«እንግዲህ ግቢው ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ቀረ። እናቴ፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዳሃቦ እጇን ከሻሿ አወጣች። አውራ ጣቷ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል አለ፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አብጧል።

«ልጅቷ ወተት ካልሆነ ሌላ አይረጋላትም» አለች። «ቆዳ ምን ያደርጋል አልኩ። እሱማ ‹እማ፣ ይቃጠል አልተባለም?› ብሎኝ ነበር። ዝም ብለህ ተሸከም አልኩት።»

«መቼ አወቁ?»

«ከመከፈኑ በፊት ሲያሳዩኝ። የአንገቱን ቁስል ከጣቴ ጋር አስተያየሁት።»

«ለምን አልተናገሩም? ይህ እኮ መድኃኒት አለው።»

«መድኃኒት ማን ጠየቀሽ?» አለች ዳሃቦ። «ልከተለው ነው።»

እፀገነት ቀጥሎ የጠየቀችውን ሁሉም እየፈሩ ይጠብቁት ነበር። «ከሁለታችሁ ሌላ ቆዳውን የነካ አለ?»

የዳሃቦ ዓይን ቀስ ብሎ ሄዶ ቢላን ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ፤ ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

ሳብሪን የልጇን ፊት ወደ መስኮቱ አዞረች። አመሻሽ ላይ ከአባቷ ጋር ስትመለስ ጉንጯ ላይ ጭድ እያገኘች ስንቴ አራግፋላት ነበር። ከጆሮዋ ሥር ትንኝ የነደፋት የምትመስል አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ትንኝ ናት የሚል ሰው አልነበረም።

«መድኃኒቱ ቶሎ ከተጀመረ…» አለች እፀገነት፣ ሳትጨርሰው ወጥታ ስልኳን አነሣች።

ቆዳውን ከጭድ ክምሩ ሥር አውጥቶ ያቃጠለው ዳሂር ነው። በዚህኛው ጊዜ አመድ እስኪሆን ቆሞ አየ። አምቡላንሱ አያትንና ልጅን ጭኖ ሲወጣ ሳብሪን መሃላቸው ተቀምጣለች። የማለቢያ ሰዓት ደርሶ ነበር። ላሟ ጡቷ ተወጥሮ ወደ በሩ ዞራ ቆመች፤ እንደ ልማዷ ጥጃዋን በትከሻው የሚያመጣላትን ሰው ትጠብቃለች።