አሥራ ሁለቱ ምስሎች

የፊልም ማጫወቻ ማሽኑ ጠቅ አለና ወንድ አያቷ እጃቸውን አነሱ።

«አቁሚው እስኪ።»

ልጅቷ አጠፋችው። ግድግዳው ላይ ይታይ የነበረው የሲኒማ ቤት ሰልፍ ጠፋ። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ርዝመቱም አንድ ደቂቃ ነው። አያቷ ይሠሩበት የነበረው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ዕለት የተቀረፀ ነው። ትኬት መስኮቱ ውስጥ የምትታየው ወጣት አሁን በሕይወት የሌሉት ሴት አያቷ ናቸው።

«እዚህ ጋ ቀና ብላ ታየኝ ነበር» አሉ አያቷ። «ካሜራው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ እኮ።»

አርባ ዓመት ፊልም ያጫወቱበትን ጣታቸውን በፊልሙ ጠርዝ ላይ አስኬዱ። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው አልደከመም። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ተቆርጦ ተቀጥሏል።»

የቱ ጋ እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሲኒማ ታሪክና ዕድገት የቡድን ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር። ወሬ ቶሎ ቶሎ ስለምትቀይር «ሪሞት» የሚሏት ጓደኛዋ፣ «ከኢንተርኔትማ ሁሉም ይገለብጣል፤ እኛ ኦሪጅናሉን እናምጣ» አለቻት። «በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ነው ያልሽኝ? አሥራ ሁለት ብትቆርጪ ግማሽ ሰከንድ ነው። ማን ያየዋል? አታካብጂ!»

ልጅቷም የሴት አያቷ ፊት ጥርት ብሎ የሚታይባቸውን አሥራ ሁለት ምስሎች ቆረጠች። የቀረውን አያቷ እንዳስተማሯት ቀዳዳውን ከቀዳዳው አስተካክላ አጣበቀች። ምስሎቹን የለጠፉበት ካርቶን ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ሰኞ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ይሰቀላል፤ እሷ የቡድኑን አባላት ስም በደማቁ ልትጽፍበት ወደ ቤት ይዛው መጥታለች።

አያቷ መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ንጹሕ ሥራ ነው። የኔው እጅ ነው። ግን መቼ ነው የቀጠልኩት?»

አያቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ እሺ? ያን ቀን ምድጃውን ሳላጠፋ ስወጣ ምን እንዳለች ሰምተሻል። ይሄን ደግሞ ረሳ ከተባልኩ ማሽኑን አትተውልኝም።»

እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም። መዋሸት እንኳን አያስፈልጋትም፤ ዝም ካለች ነገሩ እዚሁ ያልቃል። አያቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ምስሉ የጠፋበትን ግድግዳ እያዩ የሆነ ነገር ለማስታወስ ይጥራሉ። ግንባራቸው ተቋጥሯል።

ስልኳ ነዘረ። ሪሞት ናት። «ስሜን ከላይ አድርጊው፣ እሺ እህቴ?»

ሳትመልስላት ተነስታ ወደ ክፍሏ ሄደች። ካርቶኑን ይዛ ተመለሰችና አያቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ምስሎቹ እንዳይቀደዱ ፕላስተሩን በጥፍሯ ቀስ እያለች ላጠችው። ከሥሩ ነጭ ባዶ ቦታ ቀረ።

«አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ምንም አልረሱም» አለች። «የቀጠልኩት እኔ ነኝ።»

አያቷ በአውራ ጣታቸው ጫፍ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው እየተሻገሩ ቆጠሩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው ተፈታ።

ከመሳቢያው መቀሱንና ማጣበቂያውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው በሚደርሱበት በኩል አስቀመጠች።