አራተኛው ቀዳዳ

ለምታነቡኝ ሁሉ በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ፦ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አለቃዬን ጥርሱን አመመው።

አትሳቁ። አለቃዬ የጥርስ ሐኪም ነው። እኔ ደግሞ ምራቅ መምጠጫ ቱቦ ይዤ አጠገቡ የምቆም ረዳቱ ነኝ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ያላመነ አይመን።

ጉንጩ አብጦ ገባ። በቀኝ በኩል፣ የታችኛው መንጋጋ...

ልክ የአክስቴ ጥርስ።

የዛሬ ዓመት አክስቴን እዚሁ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። "እጁ ወርቅ ነው" ብዬ። የጥርሷን ነርቭ ሊያወጣ ሥሩ ውስጥ ሦስት ቀዳዳ ከፍቶ ጠረገ።

"ዶክተር፣ አራተኛ ያለው ይመስላል" አልኩት በሹክሹክታ።

"መንጋጋ ያለው ሦስት ነው። አራተኛው ቀዳዳ ያንቺ አፍ ነው፤ ዝጊው!"

ግን እሱም አይቶት ኖሯል። እንደ መርፌ የቀጠነችውን መጥረጊያ፣ ፋይል የምንላትን፣ ወደዚያው ሰደዳት።

ቀጭ!

ጫፏ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ።

"ካመመሽ እጅሽን አንሺ" ብሏት ነበር። አነሳች፤ ያቺን ትንሿ ጣቷ የጎበጠች እጇን።

"ታገሺ እናቴ፣ ላበቃ ነው።"

ሦስት ጊዜ አነሳች። ሦስት ጊዜ "ታገሺ" አላት። ከዚያ ደፈነውና ካርዷ ላይ "ሦስት ቀዳዳ፤ ተጠናቋል" ብሎ ጻፈ።

በስድስተኛው ቀን እብጠቱ ጉሮሮዋን ዘግቶ ገደላት።

ለቤተሰቡ "ልቧ ነው" አለ። እዚያው የምትሠራው ሐኪም ልጁም አባቷን አምና "ልቧ ነው" አለች።

እኔም... "ልቧ ነው" አልኩ።

ባለ ቀይ እጀታውን የፋይሏን ግማሽ ግን ከቆሻሻ አንስቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ዓመት ሙሉ በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ቂምም ማስቀመጫ ይፈልጋል።

እንግዲህ ማክሰኞ ልጁ አባቷን ወንበሩ ላይ አስተኛችው።

"አባዬ፣ ይሄን ጥርስ ማን ነክቶት ያውቃል?"

"ማንም።"

እውነቱን ነው። ጥርሱ ድፍን የለው፣ ጭረት የለው። ራጁ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ታየች።

"ፊልሙ ተጭሮ ይሆናል" አለች ልጁ።

ማደንዘዣ ወጋችው። አልደነዘዘም። ደገመችው።

አልደነዘዘም...

"ቻለው በቃ አባዬ።"

ያ ጥርስ ብቻ እንዲታይ አፉ ላይ ላስቲክ ወጥራ መሰርሰር ጀመረች።

አንድ ቀዳዳ። ሁለት። ሦስት።

"አባዬ... አራተኛ አለው።"

ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ።

ውስጡ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ልጁ በወረንጦ ይዛ ሳበችው፤ ነጩ ጨርቅ ላይ አኖረችው።

የብረት ጫፍ።

ከኪሴ ወረቀቴን አውጥቼ ፈታሁ። ባለ ቀይ እጀታውን ግማሽ አጠገቡ አስቀመጥኩት።

ስብራቱ ከስብራቱ ገጠመ።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለች ልጁ፣ ድምጿ ቀንሶ።

"አክስቴ ላይ የተሰበረው ነው። ጫፉ ከእሷ ጋር ተቀብሮ ነበር።"



"አባዬ፣ ልቧ ነው ብለኸኝ አልነበር?"

አፉ በላስቲክ ተወጥሯል። ከደረቱ በላይ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ቆይ አባዬ" አለች ልጁ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ሳትነቅል።

እኔ ግን ወንበሩን አየሁ።

ሁለቱም የአለቃዬ እጆች የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠዋል።

የተነሳው እጅ ትንሿ ጣቱ ጎብጣለች።

"አይዞሽ አክስቴ" አልኩ በሹክሹክታ። "ዛሬ ማንም ታገሺ አይልሽም።"

እጁ ወረደ...

ወርዶም፣ በእርጋታ፣ አለቃዬ ጉሮሮ ላይ አረፈ።